ሁለት ደቂቃ ከዐሥራ አራት

(የመዛግብት ክፍል። መዝገብ ያዥዋ እህት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣለች። ከሟች ወንድሟ ጋር በሁለት ጊታር ይዘፍን የነበረው ጓደኛው የጆሮ ማዳመጫውን አቅፎ ቆሟል።)

እህት፦ (ከቅጽ እያነበበች) «ግንቦት ሦስት። ሰባተኛው ዘፈን፣ ሳያልቅ የቀረ።» በማግስቱ ወንድሜ ድንገት ሞተ። ዘፈኑ የተቋረጠበት «ምክንያት» የሚለው ግን ዓመት ሙሉ ባዶ ነው። እንደነገርከኝ «ጓደኛው ጠረጴዛውን በክርኑ መታው» ብዬ ልሙላው?

ጓደኛ፦ ይሙሉት እትዬ። ክርኔ ድሮም ባለጌ ነው።

እህት፦ አታሹፍ! የሰጠኸኝ ቅጂ በስልክ እንዲላክ የተጨመቀ ነው፤ ግማሹ ድምፅ የለም። ዛሬ ሎስሌሱን ከስቱዲዮ አስመጥቻለሁ።

ጓደኛ፦ (ደንግጦ) ሎስ... ምን?

እህት፦ ምንም ያልጎደለበት! ትንፋሹ፣ ክሩ ላይ የጣቱ ፍትጊያ፣ ሁሉም አለ።

ጓደኛ፦ ሁሉም ካለማ ይከብዳል እኮ! ይሄ አሮጌ ኮምፒውተር ምን በወጣው?

እህት፦ ፋይል ጆንያ መሰለህ እንዴ፣ አንተ ጅል?

ጓደኛ፦ እሺ፣ እኔ ልስማና ልንገርዎት።

እህት፦ የገዛ ጊታርህ ክር ሲላላ የማትሰማው አንተ? አምጣ! (ነጥቃ ታጠልቀዋለች።)

ጓደኛ፦ እትዬ፣ ክርኔ ነው አልኩ! ልፈርምልዎት!

እህት፦ ዝም በል! ሁለት ደቂቃ ከዐሥራ አራት ሰከንድ... ይኸው። ክርን እንዲህ ይነዝራል እንዴ? ስልክ ነው! አነሳው። ከወዲያ የምትጮህ ሴት አለች። ምን ዓይነቷ ስድ ናት፣ ሰው እየዘፈነ!

ጓደኛ፦ እንግዲህ... አንዷ ናት።

እህት፦ «መጽሐፉ የሚመለሰው ዛሬ ነው፤ የተመዘገበው በእኔ ስም ነው፤ አሁኑኑ...» (ማዳመጫውን ቀስ ብላ ታወርዳለች።) እኔ ነኝ።

ጓደኛ፦ በተጨመቀው ላይ ድምፅዎ አይታወቅም ነበር።

እህት፦ አውቀህ ነው የሰጠኸኝ! ሎስሌስም ምን እንደሆነ ታውቃለህ!

ጓደኛ፦ በእሱ ካልተቀዳን ብዬ ስቱዲዮውን የነዘነዝኩ እኔ ነኝ።

እህት፦ ያን ሁሉ ጊዜ ክርንህን ስሰድብ...

ጓደኛ፦ ለምዶታል።

እህት፦ (ዝቅ ባለ ድምፅ) ተቆጥቶ ወጣ?

ጓደኛ፦ ኧረ እየሳቀ! «እሷ ከምትመጣብን ዘፈኑ ይቆይ» ብሎ መጽሐፉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሄደ።

እህት፦ (ትጽፋለች) «መጽሐፍ ለመመለስ ወጣ።» (ቀና ብላ) መለሰው ግን?

ጓደኛ፦ ቤተ መጻሕፍቱ ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ሲቀረው። ዕድሜውን ሙሉ በሰዓቱ የመለሰው እሱን ብቻ ነው።