የሰናይት ፈታኞች

ትናንት ሌሊት ሰናይት ሕልም አየች። የዶክትሬት ጽሑፏን ፈታኞች ፊት የምታቀርበው ዛሬ ነው፤ ሕልሙም እሱኑ ይዞ መጣ፣ ግን ገልብጦ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ነፍሰ ጡር ወንዶች ወገባቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ሚስቶቻቸው ዛፍ ሥር ካርታ ይጫወታሉ። ሰናይት መጠይቋን ይዛ ስትጠጋ አንዱ ቀደማት።

«እናት ስንት አለሽ?»

«አንድ።»

«ኧረ ዝም በይ! እናት ይቆጠራል እንዴ? ዓይን ይገባል።»

እውነቱን ነው። የገጠር እናቶች ልጆቻቸውን ቁጠሩልኝ ስትላቸው የሚቆጧት እንዲሁ ነበር። አፈረችና ቀና ብትል፣ ጤና ጣቢያው የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ሆኗል። ከፊቷ ገና ያልተወለዱ ሦስት ሕፃናት ፈታኞች ሆነው፣ በጨርቅ እንደተጠቀለሉ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ጡጦውን ከአፉ አወጣ።

«ጽሑፍሽን በአጭሩ ንገሪን።»

«ከባላቸው ተደብቀው ክንዳቸው ውስጥ የወሊድ መቆጣጠሪያ ስላስቀበሩ ሴቶች ነው። ምክሬ፣ ባልና ሚስት በግልጽ ይነጋገሩ የሚል ነው።»

«ግሩም ምክር። እስኪ እጅጌሽን ሰብስቢ።»

«በርዶኛል» አለች፣ ላብ እያጠመቃት።

ምን ታድርግ! እሷም አስቀብራለች። ባሏ ዳምጠው ልጅ እንደናፈቀ በየዓመቱ እናቱን ይዞ ቁልቢ ይወርዳል፤ ልጅ ከተገኘ ለታቦቱ ጥላ ይገባል የሚል ስለት አለ። እሷ «እግዜር ሲፈቅድ» ትለዋለች፣ ረጅም እጅጌ ትለብሳለች። ልንገረው ባለች ቁጥር ወሬ ትቀይራለች።

ትንሹ ፈታኝ እጁን አወጣ። «እኔ ያንቺው ነኝ። አትቸኩዪ፤ እኔም ዶክትሬቴን ሳልጨርስ እናት አልፈልግም። አባባ ግን ውጭ ዝናብ እየመታው ነው።»

«ጥላ ይዞ የለም እንዴ?»

«የስለት ነው ብሎ አልዘረጋውም።»

ሰናይት አዳራሹ መሀል ቆማ አለቀሰች። ሕፃናቱ ተያዩና «አልፈሻል» ብለው አጨበጨቡላት።

ነቃች። ነግቷል። ዳምጠው ቀሚሷን እየተኮሰ ነው።

«ይሄማ እጅጌ የለውም» አለች።

«ቀኑ ይሞቃል። ደሞ እዚያ የሚቀመጡት ሐኪሞች ናቸው፤ ክንድሽ ውስጥ ያለው አይገርማቸውም። የምትደብቂው ከእኔ ነበር፤ እኔ ደግሞ ካወቅኩት ቆየሁ።»

አልጋው ላይ ቀና አለች። «ቁልቢስ? ስለቱስ?»

«የልጁ ስለት የእናቴ ነው። እኔ የተሳልኩት፣ እስክትነግሪኝ ትዕግሥቱን ስጠኝ ብዬ ነው።»

ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለና ቀሚሱን አልጋው ላይ ዘረጋላት።

«አሁንም አልነገርሽኝም» አላት።