ስብሰባ ረግጠው የሚወጡት ፕሮፌሰር

እናንተዬ፣ ስብሰባ ረግጦ መውጣትን እንደ ሙያ የያዘ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። የሕግ ፕሮፌሰር ናቸው። በተቃዋሚነት ዘመናቸው ደብረ ማርቆስ ውስጥ በተጠራው ስብሰባ ሁሉ ይገኙና በር ሥር ይቀመጣሉ። ባለሥልጣኑ ጥያቄ ሲያድበሰብስ መነጽራቸውን አውልቀው ይነሣሉ፤ «መልስ በማይሰጥ መንግሥት ፊት አልቀመጥም!» ብለው ይወጣሉ። እኛም እናጨበጭባለን። ምን እናድርግ፣ አወጣጣቸው ያምራላ!

ኋላ ያው መንግሥት ሾማቸው። ሹመት ያዳብር ብለን መረቅን።

ባለፈው ሰኔ መጥተው ገበሬውን ሰበሰቡ። አሁን የተቀመጡት መድረክ ላይ ነው፣ ያውም ብቻቸውን። በር ሥር ከተቀመጡት መካከል የይጁቤው ገበሬ አያ ፈንቴ ተነሣ።

«ጌታዬ፣ ዝናቡ ገብቷል። ማዳበሪያው የት ደረሰ?»

«ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«አምናም እንዲሁ ተብለን በባዶ መሬት ዘራን እኮ!»

የፕሮፌሰሩ ፊት ተለዋወጠ። ቀስ ብለው መነጽራቸውን አወለቁ።

«መልስ በማይሰጥ መንግሥት ፊት አልቀመጥም!»

ከመድረኩ ወርደው ወደ በሩ ገሰገሱ። እኛም ለምዶብን አጨበጨብን።

በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ግራ ገባቸውና ቆሙ። አያ ፈንቴ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው።

«ቁጭ ይበሉ እንጂ ጌታዬ፣ ምን እንደሚሉን አብረን እንስማ።»

ተቀመጡ። ሁላችንም መድረክ ላይ የቀረውን ባዶ ወንበር እያየን መልስ ስንጠብቅ ዋልን። አንገታቸውን አስግገው፣ ከሁላችንም አጥብቀው የጠበቁት ፕሮፌሰሩ ነበሩ።