በዕድር ድንኳን ሽርሽር

ሰው ደህና ቤቱን ቆልፎ ጫካ ውስጥ ድንኳን ተክሎ ለምን እንደሚያድር እስካሁን አልገባኝም። የገባችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። አራዳ ተወልደን ላደግን ሰዎች ድንኳን ማለት ወይ ሰርግ ነው ወይ ለቅሶ። ሰርጉ ደግሞ አዳራሽ ከገባ ቆይቷል፤ የቀረልን ለቅሶው ነው። ስለዚህ አንድ የአራዳ ልጅ "ድንኳን ተከልን" ቢላችሁ "ማን ሞተ?" ብላችሁ ብትጠይቁት አይቀየማችሁም። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው እንግዲህ የሠራሁትን የሠራሁት።

ከፒያሳ ዝቅ ብሎ የነበረው ሰፈራችን ፈረሰ። የፈረሰ ሰፈር ዛሬ ወሬ አይሆንምና አላደክማችሁም። ጎረቤቱ እኩሌታው ገላን፣ እኩሌታው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገባ፤ ዕጣ ያልደረሰው የዘመድ ጓሮ ተጠጋ። እኔ አፍንጮ በር አንድ ክፍል ተከራይቼ ቀረሁ። ማኪያቶዬን ጥዬ የት እሄዳለሁ?

ሳይፈርስ የቀረው ዕድራችን ብቻ ነበር። ዕድራችን ማለት ደግሞ አንድ ድንኳን፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጥሩምባና ጋሽ መኩሪያ ናቸው። ጋሽ መኩሪያ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው፣ ጥሩምባቸውን እየነፉ በየበሩ የሚያረዱን እርሳቸው ናቸው። ልጅ ሆነን ድምፁን ስንሰማ ብርድ ልብስ ውስጥ እንገባ ነበር። ሚስታቸውን ቀብረዋል፤ ልጅ የላቸውም። ገላን አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ተቀመጡ።

አንድ ቀን ፒያሳ መጥተው ሻይ ስንጠጣ፣ ብርጭቆውን እያማሰሉ "ለመኩሪያስ ማን ይነፋለታል?" አሉኝ። ለማጽናናት ያህል ጎረቤት አይጠፋም ብዬ ሞከርኩ። እርሳቸው ግን ጎረቤታቸው ስማቸውን እንኳ እንደማያውቅ፣ ሞተው ቢሰነብቱ ስለ ሽታው ይከሳቸው እንደሆን እንጂ እንደማያለቅስላቸው ነገሩኝ። ሳቅኩ። እርሳቸው አልሳቁም።

ሽርሽሩን ያመጡት እርሳቸው ናቸው። በለቅሶ ብቻ ከተገናኘን እያለቅን ነው የምንገናኘው፤ አንዴ እንኳ ሰው ሳይሞት እንሰብሰብ አሉ። አሳመኑን። እንጦጦ ጀርባ፣ ከአንድ ማሳ ዳር አንድ ሌሊት ልናድር ተስማማን። እኔም የጨዋታ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ብቸኛ አባል ሆኜ በሙሉ ድምፅ ተመረጥኩ።

ኃላፊነቴን በዋዛ አላየሁትም። ስድስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ፣ ለድንኳን አዳሪዎች የሚሆኑ አዝናኝ የቡድን ጨዋታዎች የሚል ወረቀት ከኢንተርኔት አሳተምኩ። በየገጹ ላይ ያሉት ፈረንጆች በሙሉ ይስቃሉ። ዕድርተኞቹን ድንኳን ከመከራየትም አዳንኳቸው፤ የፈረንጁ ድንኳን ሁለት ሰው ይዞ እግር ውጭ ያሳድራል፣ እኛ ግን ግማሽ ቀበሌ የሚይዝ ድንኳን አለን። ማን ይሙት፣ በዚህ ሐሳቤ ኮርቼ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ድንኳኑን ተከልን። ወረቀቱ በመተዋወቂያ ጀምሩ ይላል፤ እያንዳንዱ ተነሥቶ ስሙንና ሰፈሩን ይናገራል። አርባ ዓመት በአንድ ቧንቧ ውኃ የቀዱ ሰዎች ሊተዋወቁ ተነሡ። እትዬ በላይነሽ፣ ሻይ ቤት የነበራቸው አንደበተ ስለታም ጎረቤታችን፣ ቀድመው ቆሙ። "በላይነሽ እባላለሁ፤ ሰፈሬ..." አሉና ቁጭ አሉ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ስሙን ብቻ እየተናገረ ተቀመጠ።

ሁለተኛው ጨዋታ ወንበር ዙረት ነው። ዘፈኑ ሲቆም ሁሉም ይቀመጣል፤ በየዙሩ አንድ ወንበር ይነሣና አንድ ሰው ቆሞ ይቀራል። ቤቱ በፈረሰ በዓመቱ ለመጣ ሰው ይህን ጨዋታ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱን የጻፈው ፈረንጅ ምን ያድርግ፣ እኛን የት ያውቀናል? እትዬ በላይነሽ በሁለተኛው ዙር ቆመው ቀሩና ይሄንንስ ከተማ ውስጥም ተጫውተነዋል አሉ። ዘፈኑን አጠፋሁት።

እንግዲህ የቀረኝ ድብብቆሽ ነው። ለድብብቆሽ ፊሽካ ያስፈልጋል፤ ፊሽካውን ቤት ረስቼዋለሁ። ዓይኔ ጥሩምባው ላይ አረፈ። ጋሽ መኩሪያ እጃቸውን ጫኑበት። "ልጄ፣ ይሄ ዕቃ ቀልድ አያውቅም" አሉኝ። ለመንኳቸው፤ ሰው ደስ እንዲለው ብለው ሰጡኝና እንደ ልጅ እየሮጡ ሊደበቁ ሄዱ። እኔም ሦስት ጊዜ ረዘም አድርጌ ነፋሁት።

ሌላውን ሁሉ አገኘን፤ ጋሽ መኩሪያን ግን አጣናቸው። ሲመሽባቸው ራሳቸው ይመጣሉ ተባባልንና ብርዱ ስለመጣ ጋቢያችንን ተከናንበን አግዳሚው ላይ ተደረደርን። ወሬም አልቆብን ነበር።

ያኔ ነው ከማሳው ማዶ ጩኸት የሰማነው። የማዶው ገበሬዎች ናቸው፤ ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው እያለቀሱ መጡ። ምን ያድርጉ? ጥሩምባ ተነፍቷል፣ የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል፣ ሰው በጋቢ ተሸፋፍኖ ዝም ብሏል። ከሰዓቱን ሙሉ ስንጫወት ውለን ጨዋታ የሚመስል አንድ ነገር እንኳ አልታየብንም ማለት ነው። አንዷ ዳቦ ተሸክማለች። ገብተው በሥርዓት አልቅሰው ሲያበቁ፣ ኦቦ ገመቹ የሚባሉት ሽማግሌያቸው ወደኔ ጠጋ ብለው ሟቹ ማን እንደሆኑ በለሆሳስ ጠየቁኝ።

ዳቦ ጋግሮ፣ ማሳ አቋርጦ፣ እንባ አውጥቶ ለመጣ ሰው የሞተ የለም ትሉታላችሁ? እኔ አፈርኩ። እዚያ ያልነበረውን ሰው ስም ጠራሁ፤ "ጋሽ መኩሪያ" አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም!

እንግዶቹ እንደገና ጮኹ። የኛም ሰዎች እንግዳ ብቻውን ሲያለቅስ ማየት ነውር ሆነባቸውና ተከተሉ። መጀመሪያ ለይሉኝታ ነበር። ከዚያ እትዬ በላይነሽ ስለ ጋሽ መኩሪያ ሙሾ ጀምረው ስለ ሻይ ቤታቸው ጨረሱት። ሌላው ስለ በሩ፣ ሌላው ስለ ቧንቧው አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ አልዋሽም፣ ሰፈራችን ሲፈርስ ያልወጣልኝ እንባ ነው የወጣው።

ጋሽ መኩሪያ የሚፈልጋቸው ቢያጡ መጡ። ለቅሶ አዩ፤ ምንም ሳይጠይቁ ጋቢያቸውን አስተካክለው ገቡና ከሁላችን በላይ አለቀሱ። ከቆይታ በኋላ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። "እርስዎ ነዎት" አልኳቸው።

ተነሥተው እንግዶቹን ይቅርታ ጠየቁ፤ የሞተ የለም፣ ጨዋታ ነው አሉ። የኛ ሰዎች እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ፤ እስኪበቃቸው ሳቁ። ኦቦ ገመቹ ብቻ አልሳቁም። ፊታችንን አንድ በአንድ ሲያዩ ቆይተው ዳቦውን ቆረሱ፤ ሊሄዱም ሲሉ ከጋሽ መኩሪያ ጋር ስልክ ተለዋወጡ።

በማግስቱ ስንመለስ ጋሽ መኩሪያ ከጎኔ ተቀምጠው ደስ ብሏቸው ነበር። ሰዉ አልቅሶልኛል አሉ። ጥሩምባውን የምነፋላቸውም እኔ እንድሆን ቃል አስገቡኝ።

ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ። የሕንፃው ጥበቃ ነው የደወለልኝ፤ ስልካቸው ላይ መጨረሻ የተደወለው የኔ ቁጥር ነበር። ገላን ስደርስ ጥሩምባው ጠረጴዛ ላይ ተወልውሎ ተቀምጧል። በቃሌ መሠረት ሕንፃዎቹ መሐል ቆሜ ነፋሁት። አንድ መስኮት ተከፈተና አንዲት ሴት ፕላስቲክም እወስድ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቆራሌው መስያት ነው።

ለዕድርተኛው ደወልኩ። እትዬ በላይነሽ በሳቅ ፈረሱ። "አሁን ደግሞ የት ተደብቀው ነው?" አሉኝ። ሌላው አንዴ አልቅሶላቸዋልና ሁለተኛ ጅል እንዳላደርገው አስጠነቀቀኝ። በማርያም ማልኩ፤ በማልኩ ቁጥር ሳቁ ባሰ። አንድም ሰው አልመጣም።

በመጨረሻ ቁጥራቸውን ከጋሽ መኩሪያ ስልክ አግኝቼ ለኦቦ ገመቹ ደወልኩ። ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ ብቻ ጠየቁኝ። አንድ ሚኒባስ ሞልተው መጡ፤ ሬሳውን ተሸከሙ፣ አፈሩን መለሱ። ቀብሩ ሲያልቅ እጃቸውን ይዤ፣ እኔን አርባ ዓመት የሚያውቀኝ ጎረቤት ሁሉ ሳያምነኝ፣ አንድ ቀን ያታለልኳቸው እርሳቸው እንዴት እንዳመኑኝ ጠየቅኳቸው።

ኦቦ ገመቹ አፈሩን ከእጃቸው እያራገፉ "እኛ ያላመንናችሁ" አሉ፣ "የዚያን ቀን፣ የሞተ የለም ስትሉን ነው።"