መምህር አዝመራውና ሦስተኛው ምዕራፍ

ገምጋሚ የሌለው ሰፈር የለም። ማንም አልሾመው፣ ማንም አይከፍለው፤ ግን ከእጁ ያመለጠ የለም። ቀብር ላይ አስለቃሿን፣ ሠርግ ላይ የወጡን ጨው ይመዝናል። የቆሰበር ሰፈራችን ይህን ታላቅ ወንበር የሰጠው ለክቡር ሊቀ ገምጋሚያን መምህር አዝመራው ነው።

መምህር አዝመራው ዕድሜያቸውን በሙሉ አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ጡረታ የወጡት ግን እሳቸው እንጂ ቀዩ እስክሪብቶ አይደለም። ልጄ ሜላት የተመረቀች ዕለት ንግግር ያደረገውን እንግዳ አቅፈው ስመው፣ «ድካምህ ይታያል፤ ግን መግቢያህ ከቤቱ ይሰፋል» ብለውታል። የሰፈራችን የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ያለቀ ጊዜም ከዳር እስከ ዳር ተራመዱበትና፣ «ድካሙ ይታያል፤ ግን ምን አስቸኩሏቸው ነው?» አሉ።

ከሁሉ የሚከፋው ከእሳቸው ጋር ፊልም ማየት ነው። ቴሌቪዥን አጥተው አይደለም፤ ያለ ታዳሚ መፍረድ ስለማይሆንላቸው እኛ ቤት ይመጣሉ። ሪሞቱን እሳቸው ይይዛሉ። ጀግናው ገደል አፋፍ ላይ በአንድ እጁ ሲንጠለጠል፣ «እዚህ ላይ ቆም እንበል» ይሉና ያቆሙታል። ሰውየው እንደተንጠለጠለ ባለቤቴ እህተማርያም ሽንኩርቷን ከትፋ ትጨርሳለች።

ባለፈው ክረምት ሜላት ከባሕር ዳር ስትመጣ «አምስቱ መብረቆች» የሚባል፣ በአማርኛ የተተረጎመ ተከታታይ ካርቱን በፍላሽ ይዛልን መጣች። አምስት ጀግኖች አንድ ላይ ሆነው ከተማቸውን የሚጠብቁበት ታሪክ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች ጎረቤቱ ሁሉ እየተሰበሰበ፣ እያጨበጨበ አየ። ሦስተኛው ላይ ነገር ተበላሸ። ከሁሉ ከፍ ብላ ትበር የነበረችው የቡድኑ መሪ ክንፏ ተቃጠለና ምድር ላይ ቀረች። ውጊያው ቀነሰ፤ ምክሩ በዛ። «ካርቱን መስሎኝ ነበር፤ ሽምግልና ሆነብኝ» አለች እህተማርያም።

የመጨረሻው ክፍል ሲያልቅ ሁላችንም ወደ ክቡርነታቸው ዞርን። ጥሩ ጥሩውን የማይምሩ ሰው ይህንንማ እንዴት አድርገው ይቆራርጡት ይሆን? መምህር ሪሞቱን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«እየበረሩ ጀግና መሆን ምን ይገርማል?» አሉ። «ሰው የሚታወቀው መብረር ሲቀርበት ነው። ከሦስቱም ይሄኛው ይበልጣል።»

«ግን» የምትለዋን ጠበቅን። አልመጣችም። ፍላሹን ከሜላት ተውሰው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወጡ።

ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ ጋሽ ደረሰ ይኖራሉ፤ የመምህር የረጅም ዘመን ወዳጅ። ስመ ጥር ፈረሰኛ ነበሩ። በጥር የፈረሰኞች በዓል ሜዳው ላይ ብቅ ሲሉ ሕዝቡ ገና ከሩቅ በፈረሳቸው ስም ይጠራቸው ነበር። ከዚያ ክረምት በፊት በነበረው ጥር ግን ለበዓሉ ሲለማመዱ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ፈረስ አይታሰብም አላቸው። ከዚያ ወዲህ በራቸውን ዘጉ። የፈረሰኞቹ ማኅበር ሰዎች ሊጠይቋቸው ሲመጡ «ተኝተዋል» እየተባሉ ይመለሳሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ውቢት፣ «በአውንጊም ዝም፣ በአማርኛም ዝም ነው» ብለው አጫውተውኛል።

አንድ ከሰዓት ለወይዘሮ ውቢት ድንች ላደርስ ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ የመምህር ድምፅ ከውስጥ ተሰማኝ።

«ይህች ሴትዮ ክንፏ ከተቃጠለ በኋላ ከታሪኩ መውጣት ነበረባት። ቁጭ ብላ ምን ትሠራለች? ምዕራፉን የገደለችው እሷ ናት።»

ጋሽ ደረሰ በአፍ መፍቻቸው በአውንጊ አወረዱባቸው። ጎጃሜው መምህር ስንት ዘመን አብረዋቸው ኖረዋልና አንዷም ቃል አታመልጣቸውም። ጋሽ ደረሰ ይህም አልበቃቸው ብሎ ወደ አማርኛ ተሻገሩ።

«አንተ ምን ታውቃለህ? ነፋሱን የምታውቀው እሷ አይደለችም? እነዚያ ልጆች እሷ ባትመራቸው የት ይገቡ ነበር?»

«መብረር የማትችል መሪ…»

«ዝም በል። መልሰውና ከዚያ ጀምረህ ክፈተው።»

ገባሁ። እኛ ቤት የፈረዱትን ላስታውሳቸው አፌን ስከፍት መምህር አዩኝ። በፈተና ሰዓት የሚያወራ ተማሪ የሚታየውን አስተያየት ነው ያዩኝ። አፌን ገጥሜ ድንቹን ወደ ጓዳ ይዤ ገባሁ። ወይዘሮ ውቢት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

«በየቀኑ እንዲህ ሲጣሉ ነው የሚውሉት» አሉኝ በሹክሹክታ። «ዛሬ ምሳውን ሳልለምነው በላ።»

ስንመለስ መንገድ ላይ አላስቻለኝም።

«መምህር፣ እኛ ቤት የሰጡት ፍርድ ሌላ ነበር።»

«እናንተ ቤት የተጠየቅሁት ፍርድ ነው» አሉ፣ ጃንጥላቸውን ወደ እኔ ዘንበል እያደረጉ። «ደረሰን ግን ስንቱ አጽናናው? ማጽናኛ በር አዘጋው። ጠብ ይሞከር ብዬ ነው።»

«ውሸትዎን ቢያውቁብዎስ?»

«ያን ጊዜ ደግሞ በዋሾነቴ ይጣላኛል።»

መስከረም እንደጠባ አንድ ባጃጅ ደጃችን ላይ ቆመ። ጋሽ ደረሰ በሁለት ምርኩዝ ተደግፈው ወረዱ። እህተማርያም የያዘችውን ሰፌድ ጥላ ሮጠች። ጎረቤት ተጠራ፤ መምህርም ተጠሩ። ጋሽ ደረሰ ይግባኝ ለማለት ነበር የመጡት። በሰው ሁሉ ፊት ክፍል በክፍል እያስከፈቱ፣ በምርኩዛቸው ቴሌቪዥኑን እየጠቆሙ ተሟገቱ። መምህር ለይምሰል ያህል ትንሽ ተንፈራገጡና እጃቸውን አነሱ።

«ተረትቻለሁ» አሉ።

ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ሲሉትም የሙሽራ አባት ይመስሉ ነበር።

ጋሽ ደረሰም፣ «የማኅበሩ ልጆች ሰኞ ይምጡ በሉልኝ» አሉ። «ጉልበት አላቸው፤ ፈረስ ግን አያውቁም።»

ባጃጅ ልጥራ ብል እንቢ አሉ፤ በእግሬ እወርዳለሁ አሉ። የድንጋይ ንጣፉ በዝናብ ረጥቦ ያዳልጥ ነበር። መምህር አዝመራው ከጎናቸው ሆነው እርምጃቸውን ከምርኩዙ ጋር አስተካክለው፣ «ግራውን ቀድመህ አትትከል፤ አዘንብለህ ነው የምትይዘው» እያሉ ወረዱ። ጋሽ ደረሰም አንድ በአንድ ይመልሱላቸዋል። ሁለቱ ሽማግሌዎች እየተጨቃጨቁ መታጠፊያው ጋ እስኪሰወሩ ድረስ እኔ ከበሩ አልተነቃነቅሁም።