የሐሙስ ጉዞ አዛዥ አቶ ጋውደንዝ

ተራራ ያለበት አገር ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው አያጣም። መንገዱ ተጠርጎ፣ በየድንጋዩ ላይ ነጭና ቀይ ምልክት ተቀብቶ፣ በየመገንጠያው ቢጫ ጠቋሚ ተተክሎ፣ ላም እንኳ ሳትጠፋ ውላ የምትገባበትን ጎዳና ጦር እንደሚያዘምት ጄኔራል ካርታ ዘርግቶ ካላጠና እንቅልፍ የማይወስደው ሰው። የእኛ ሸለቆ ድርሻ አቶ ጋውደንዝ ናቸው።

አቶ ጋውደንዝ ጡረታ ከወጡ ወዲህ በየሐሙሱ የመንደሩን አዛውንቶች ተራራ ያስወጣሉ። ማስወጣት ከተባለ ነው፤ ነገሩስ መንዳት ነው። ጠዋት አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሰዉን አሰልፈው ጫማ ይመረምራሉ፣ ቦርሳ ያስከፍታሉ፣ የውሃ ኮዳ ወዝውዘው መሙላቱን ያረጋግጣሉ። አንዱ ተሳስቶ "ቀኑ እንዴት ያምራል!" ካለ ምርኩዛቸውን ያነሳሉ፦ "ይሄ ሽርሽር አይደለም!"

ሽርሽር ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው? ጡረተኞች ቋንጣና አይብ ቋጥረው ወጥተው፣ ሐይቅ አይተው የሚመለሱበት ጉዳይ ሌላ ስም አልወጣለትም።

በዚህ ሁሉ ከማንም ይልቅ የምትንገበገበው ሰራይና ነበረች። ዕድሜዋን በሙሉ አስተማሪ ስለነበረች ሰው ማዘዝ የእሷ ሥራ ነው፤ መታዘዝ አልተማረችም። ባሏ ሉትሲ ግን ጸጥ ያለ ሰው ነው፤ እሷ ከፊት ከፊት እየገሰገሰች ከአዛዡ ጋር ስትጨቃጨቅ እሱ ከኋላ ቀስ እያለ ይከተላል።

አንድ ጊዜ ተጓዦቹ የተራራው ማረፊያ ቤት ከታሰበው ቀድመው ደረሱ። የገብስ ሾርባው ሽታ በመስኮት እየወጣ አፍንጫቸውን ይጠራቸዋል። አቶ ጋውደንዝ በሩ ላይ ቆመው አላስገባም አሉ።

"በእቅዱ መሠረት አሁን ገና ጫካ ውስጥ ነን።"

"ጌታዬ፣ እኔ ግን እዚህ ነኝ፤ ርቦኛልም" አለች ሰራይና።

"ጫካ ውስጥ አልራበሽም!"

ሰዓቱ እስኪደርስ ደጅ አስቀመጧቸው።

ሌላ ቀን ደግሞ አንዲት ላም መንገዱ ላይ ተጋድማ ታመሰኳለች። አዛዡ ከምልክቱ መውጣት ክልክል ነው ብለው ሰዉን ሁሉ አቁመው ለላሟ ማስረዳት ጀመሩ። ላሟም በትዕግሥት ሰማቻቸው፤ አልተነሳችም።

"በሣሩ በኩል ሁለት ሦስት እርምጃ ዞረን ብናልፍስ?" አለች ሰራይና።

"ሁለት ሦስት እርምጃ ብለው ከመንገድ የወጡ ሰዎች ስንቶቹ እንደተመለሱ ታውቂያለሽ?"

"ሁሉም ተመልሰዋል! ያ ከታች የሚታየው እኮ የእኔ ቤት ነው! ልብሴን አስጥቼ የወጣሁት ይታየኛል!"

የሰዉ ትዕግሥት ያለቀው ግን በፍሉሪን ልደት ቀን ነው። ፍሉሪን የመንደሩ ዳቦ ጋጋሪ የነበረ ሰው ነው፤ ሐይቁ ዳር የሚቆረስ የለውዝ ኬክ ጋግሮ ዳገቱን ሙሉ እንደ ታቦት አክብሮ ተሸክሞ ወጣ። ሐይቁ ሊታይ አንድ ጉብታ ሲቀር አቶ ጋውደንዝ ድንገት ቆሙ። ወደ ሰማይ አዩ። የበግ ግልገል የምታክል አንዲት ደመና ነበረች።

"ተመለሱ!"

"ለምን ሲባል?"

"ደመና! ይሄ ሽርሽር አይደለም!"

ተመለሱ። ኬኩ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ በጠራራ ፀሐይ ተቆረሰ፤ ፍሉሪን በብስጭት አልቀመሰውም። የዚያኑ ዕለት አመሻሽ እሱ ቤት ተሰብስበው አንድ ሐሳብ ላይ ደረሱ፤ ከእንግዲህ መንገድ የሚመርጠው ፍሉሪን ነው።

"አንቺ ንገሪው" አሏት ሰራይናን። "አንቺን ይፈራል።"

"ማንንም አይፈራም። ግን በደስታ እነግረዋለሁ።"

በማግስቱ ጠዋት አቶ ጋውደንዝ ቤት ብትሄድ የሉም፤ የሚቀጥለውን ሐሙስ መንገድ ሊፈትሹ ወጥተዋል። እንደ ልማዳቸው ነው፤ ሰው የሚሄድበትን ሁሉ ቀድመው ብቻቸውን ይሄዱበታል። ሰራይና የምትናገረውን በሆዷ እያሰካካች ተከተለቻቸው። ከጥዱ ጫካ በላይ ስትደርስ ድምፃቸውን ሰማች። ከሰው ጋር ያወራሉ። አጮልቃ ብታይ አብሯቸው ማንም የለም። አቶ ጋውደንዝ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወደ ባዶው መንገድ ዞረው ቆመዋል።

"ሉትሲ፣ አትቸኩል" አሉ ለባዶው መንገድ። "እኔም ደክሞኛል፤ እዚህ እናርፋለን።"

ግንድ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። የምር ጠበቁ፤ ሉትሲ ያንን ዳገት ለመውጣት የሚወስድበትን ጊዜ ያህል። ከዚያ ተነስተው መንገዱ ላይ የነበረ ድንጋይ በእግራቸው ገፉና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"አንቺ ደግሞ አትጩሂ፣ ሰራይና! ሐይቁ ቅርብ እንደነበር አጥቼው ነው?" መልስ እንደሚሰማ ሰው ዝም አሉ። "አይ፣ አላፍርም። እሺ፣ ስለ ኬኩ ትንሽ አፍራለሁ። ግን አንቺ ከፊት ነበርሽ፤ አላየሽውም። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ጉልበቱን ይዟል። ምን ላድርግ? በሰው ፊት 'ሉትሲ አቅቶታል' ብዬ ላውጅ? ደመና ብልስ ማን ይጎዳል?"

ሰራይና ባለችበት ቀረች። መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። ባሏ እኮ ነው! ይህ ጫማ መርማሪ፣ ይህ ለላም ሕግ የሚያነብ ሰውዬ ከእሷ ቀድሞ ማየቱ! ፊቷ ጋለ። ዞራ ልትሄድ ስትል እግሯ ጭራሮ ሰበረ።

አቶ ጋውደንዝ እስከ ጆሯቸው ቀሉ።

"ከማን ጋር ነው የምታወራው?" አለቻቸው።

"መንገድ እየፈተሽኩ ነው! ይልቅ አንቺ፣ ያለ ምርኩዝ፣ ያለ ውሃ፣ በዚህ ጫማ! ምን ልትይ ነው የመጣሽው?"

ሰራይና ያሰካካችውን ንግግር ተወችው።

"የሐሙሱ ቁልቁለት ይበዛል ልልህ ነው። ጉልበቴን ያመኛል።"

"የአንቺን ጉልበት?"

"የእኔን።"

ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ ካርታቸውን ዘረጉ። "በጫካው በኩል እንዞራለን። አግዳሚ ወንበር በየቦታው አለ። ግን ይረዝማል፤ እሮሮ አልሰማም!"

"ትሰማለህ፣ ጌታዬ።"

እስከ መንደሩ ድረስ ስለ ጫማዋ እየነዘነዟት ወረዱ።

ፍሉሪን በሩ ላይ ይጠብቃት ነበር። "ነገርሽው?"

"ነገርኩት። እምቢ አለ። ግትር ነው፣ ምን ላድርገው?"

ፍሉሪን እየተራገመ ገባ። ሉትሲ ቤታቸው ደጅ ተቀምጦ የሚቀባውን መድኃኒት ብልቃጥ ክዳን ለመክፈት ይታገላል። አጠገቡ ተቀመጠች።

"ትላንት ደክሞህ ነበር እንዴ?"

"እኔ? ምን በወጣኝ! ያ ሽማግሌ ደመና ባይፈራ ኖሮ ሐይቁን ሁለቴ እዞረው ነበር።"

"ተወው፣ እብድ ነው" አለች ሰራይና፤ ብልቃጡን ከእጁ ወስዳ ጉልበቱን ማሸት ጀመረች።