የማይቀመጡት አባት

በየሰፈሩ አንድ ሃይማኖት መሥራች አይጠፋም፤ ከጠፋም ሰውዬው ገና ሥራ አልፈታም ማለት ነው። የእኛው ብፁዕነታቸው ወንበር ሠሪ ነበሩ። ወንበሮቻቸው ይወዛወዛሉ። ገዢ ሲጠፋ አንድ ቀን ደጃፋቸው ላይ ቆመው፣ "መቀመጥ ኃጢአት ነው!" ብለው አወጁ። "ቀጥ በሉ! የተቀመጠች ነፍስ ታንቀላፋለች!"

ሰዉ ይስቅባቸዋል ስል ተከተላቸው።

እኔ ከመንገዱ ማዶ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ ስውል አንድ ሰው "ቅዱስ" ብሎኝ አያውቅም፤ "ጆሮዬን እንዳትቆርጠኝ" ይሉኛል እንጂ። እሳቸው ትንሽ ቆመው ሲሰብኩ ግን ሴቱ ያለቅሳል፣ ወንዱ ወንበሩን አውጥቶ ይፈልጣል። ቀናሁ። ደህና አድርጌ ቀናሁ። ጨዋታዬን ወደው የሚመጡት ደንበኞቼ እንኳ ቆመን ካልተላጨን አሉ። አንዱን ረጅም ሹፌር በርጩማ ላይ ወጥቼ ላጨሁት።

ባለቤቴም እራቷን ቆማ መብላት ጀመረች።

"እግርሽን አያምሽም?" ስላት፣

"ዝም በል፣ አንተ ወንበር ወዳድ!" አለችኝ። እኔን! ሰው አስቀምጬ ቆሜ የምውለውን!

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ብፁዕነታቸው በፀጉር ቤቴ ጓሮ በር ገቡ። እግራቸው አብጦ ጫማቸው አልገባ ብሏቸው በእጃቸው ይዘውታል።

"ወንድሜ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ" አሉ ወንበሬን እያዩ።

ማንም እንዳያያቸው ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ተቀመጡ። ፊት ለፊት ያለው መስታወት መልካቸውን ለአላፊ አግዳሚው እንደሚያሳይ ወንበር ሠሪ ከየት ያውቃል? አረፋውን ሳልቀባቸው ማንኮራፋት ጀመሩ። የመስኮቱን መጋረጃ እኔ አልከፈትኩትም፤ ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነበር። አልዘጋሁትም እንጂ።

ባለቤቴ ምሳዬን ይዛ ስትመጣ አየቻቸው። በጩኸቷ ሰፈሩ ተሰበሰበ፤ በማግስቱ ሰዉ ሁሉ ወንበር ፍለጋ ይራወጥ ጀመር። እሷም እራት ላይ ቁጭ አለች፤ ግን እንባዋ ሳህኑ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ የተመኘሁት ይኼን ነበር፤ እኔ ግን እራቴን ትቼ ተነሣሁ።

ዛሬ ብፁዕነታቸውን ሰላም የሚላቸው የለም። ጺማቸው ሳያድግ በየቀኑ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ትናንት በመስታወቱ ውስጥ ሲያዩኝ ቆዩና፣

"ያን ሁሉ ሰው ሰብስቤ" አሉ፣ "ለካ እስከ መጨረሻው የቆምከው አንተ ብቻ ነህ።"

ዓይኔ እንባ አቀረረ። "ይተኙ አባቴ፣ ማንም አያይዎትም" አልኳቸውና ሄጄ መጋረጃውን ዘጋሁት።