ጋራዡ ምንጣፍ ለበሰ

በየቤተሰቡ አንድ ሸፋኝ አይጠፋም። የእኛው ክቡር ሸፋኝ የእህቴ ባል ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሪሞታቸው በላስቲክ ከመጠቅለሉ የተነሳ ድምፅ ልቀንስ ስትሉ ቻናሉ ይቀየራል። ፍሪጁ ከፋብሪካ የመጣበት ስስ ላስቲክ እስከ ዛሬ አልተላጠም፤ ጫፉ ሲላቀቅ በፕላስተር ይመልሱታል። ሶፋው ላይ ላስቲክ፣ ላስቲኩ ላይ ደግሞ ጨርቅ አለ። ለምን ስትሏቸው መልሱ አንድ ነው፤ "እንዳይበላሽ!" የሶፋውን ቀለም በዓይኑ ያየ ዘመድ የለንም።

ከጥቂት ወራት በፊት አብራቸው የምትኖረው እናቴ ጋራዣቸው ውስጥ ወደቀች። ዘይት የጠጣው ሲሚንቶ አዳልጧት ዳሌዋ ተሰበረ። ከታከመች በኋላ እኔ ቤት አርፋ አንድ ነገር ብቻ ትደጋግማለች፤ "እዚያ ቤት አልመለስም። ያንን ሲሚንቶ ዳግም አልረግጥም።" በዋናው በር እንዳትገባ ደረጃውን መውጣት አትችልም፤ ያለው መግቢያ ጋራዡ ብቻ ነው።

ጋሼ ታዲያ ጥቅል ቪኒል ምንጣፍ ገዝተው መጡ። ወለሉን በሳሙና ፈግፍገን አደረቅን። ምንጣፉ ግን አንዱን ጫፍ ስንረግጠው ሌላው እየተነሳ አስቸገረን፤ ፀሐይ ላይ ዘርግተን አለሳለስነው። ትርፉን በምላጭ ቆርጠን ከግድግዳው ጋር አስማማነው። የእኔ ወገብ ተቆረጠ፤ ጋሼ ግን እየዳሁ ጠርዝ ጠርዙን ያሻሉ። እውነቴን ነው፣ አማረ።

እህቴ መኪናዋን ልታስገባ ስትል ጋሼ ፊቷ ተገተሩ።

"ቁሚ! ጎማው ያቆሽሸዋል!"

"ታዲያ ለምን ተነጠፈ?"

"ወለሉ እንዳይበላሽ!"

"ምንጣፉስ?"

"እሱም እንዳይበላሽ!"

መኪናዋ ውጭ አደረች።

እኔን ያሳሰበኝ መኪናዋ አልነበረችም። በማግስቱ እናቴን ስንት ለምኜ ከነምርኩዟ ላመጣት ነው። እኚህ ሰው ምርኩዙ ይጭረዋል ብለው በር ላይ ካስቆሟት አበቃ፤ እሷ እንደሆነ ሰበብ ነው የምትፈልገው።

ጠዋት ለጠብ ተዘጋጅቼ ቀድሜ ሄድኩ። በሩን ስከፍት ጋሼ ምንጣፉ ላይ ባልዲ ሙሉ ውሃ ደፍተው፣ ጭቃ የያዘ ጫማቸውን አድርገው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ድንገት ይዞራሉ፣ ተረከዛቸውን ይጎትታሉ። አዲሱ ምንጣፍ በጭረት ተዥጎርጉሯል።

"ጋሼ! ምን ነካዎት?"

"ያዳልጥ እንደሆነ ልይ ብዬ ነዋ! እሳቸው ከሚወድቁ እኔ ልውደቅ። አንተም ና እስቲ፣ ሮጥ ሮጥ በልበት!"

ሮጥኩበት። አላዳለጠኝም። ያዘጋጀሁት ጠብ ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ። ወልውለን አደረቅነውና እናቴን ላመጣ ሄድኩ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ወለሉን ብቻ ታያለች። አንድ እርምጃ ሄደች። ደገመች። ጋሼ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ፊት ፊቷ ወደኋላ ይሄዳሉ፤ ላብ አጥምቋቸዋል። መሃል ላይ ቀጥ ስትል የሁላችንም ልብ አብሮ ቀጥ አለ።

"ምን ሆኑ እማማ?"

"ዞር በላ ልጄ! መንገዱን ዘጋህብኝ እኮ! በዚህ አያያዝህ እስከ ማታም አልገባ!"

እፎይ! እናቴ መቆጣት ከጀመረች ድናለች ማለት ነው። ጋሼ ግድግዳው ላይ ተለጠፉላት። እሷ አልፋ ስትገባ እኔ እኚያን ሰውዬ፣ ከነላባቸው፣ አቅፌ ሳምኳቸው።